ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የአረጋውያን አእምሮ ጤና ስልጠና ላዘጋጅ ነው፣ ምን ላስገባ?

የተሁለደሬዋ ሲስተር
እሁድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ጤና ጣቢያ ላይ የምሰራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ከወር በኋላ ከወረዳችን ጤና ጣቢያዎችና ኬላዎች ለሚመጡ 24 ባለሙያዎች ስለ አረጋውያን የአእምሮ ጤና የ3 ቀን ስልጠና አዘጋጅተሽ ስጪ ተብያለሁ። ነርስ አለ፣ ጤና መኮንን አለ፣ ጤና ኤክስቴንሽን አለ፣ አንድ ሁለት ደሞ ከፋርማሲ። ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም እስካሁን አረጋውያንን ብቻ የሚመለከት ስልጠና ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፣ ግን ቁጭ ብዬ ላዘጋጅ ስል ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ።

እጄ ላይ ያለው ማቴሪያል የኤምኤች ጋፕ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ የጀመረው፣ መምሪያው በ2010 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ ደረጃ የአእምሮ ህመም እንዲያክም ተብሎ የተዘጋጀው ማለቴ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን እኔ ስሰለጥን የመርሳት በሽታ ተራው የደረሰው በመጨረሻው ቀን ከሰአት ነበር፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ አበል የሚፈርምበትን ወረቀት እየጠበቀ፣ ግማሽ ሰአት ባልሞላ ጊዜ ስላይዱ እየተገለበጠ አለቀ። ድባቴ ላይ ደሞ ምሳሌዎቹ ሁሉ ወጣት ናቸው፣ ተማሪ፣ አራስ፣ ስራ ያጣ ልጅ። የ70 አመት እናት አንድም ቦታ የለችም።

ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በ4 ወር ውስጥ 5 ጊዜ እኛ ጋ መጥተዋል። ከደጋው በኩል ነው የሚመጡት፣ በእግር 2 ሰአት ገደማ፣ ዱላ ይዘው። ካርዳቸውን ሳገላብጠው አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ የወስፋት መድሃኒት፣ ሁለቴ ማስታገሻ። የሚሉት ነገር ግን ሁሌም አንድ ነው፣ «መሀል አናቴን ያቃጥለኛል፣ እግሬን ይነደኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል»። በ5ኛው ቀን ዝናብ ይዟቸው በረንዳ ላይ ሲጠብቁ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እማማ ቤት ማን አለ ስላቸው «ማን አለ፣ ድመቷ ናታ» አሉኝ። ባላቸው አርፈዋል፣ ልጆቹ አረብ አገር ናቸው፣ የመጨረሻው ልጅ በባቲ በኩል በእግሩ ከወጣ ሁለት አመት አልፎታል፣ ድምጹ የለም። ከዛ እንዲህ አሉኝ፣ «ጠዋት ቡና ሳፈላ የሱንም ሲኒ አወጣለሁ። አቦሉን እቀዳለታለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ጀበናው እመልሰዋለሁ።»

አምስት ጊዜ ባለሙያ አይቷቸዋል፣ አንዷ እኔ ነኝ። አንዳችንም ቤት ማን አለ ብለን አልጠየቅንም። ሁላችንም የጻፍነው የተናገሩትን ነው፣ ያቃጥላል፣ ይነዳል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ 3 ቀን ብቻ ቢኖራችሁ አረጋዊ የሚያይ ባለሙያ ምን ይዞ እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ? የሳይካትሪ ሰዎች፣ ኤክስቴንሽኖች፣ ቤታችሁ አረጋዊ ያላችሁም ብትሆኑ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።


ሳይካትሪ ነኝ ደሴ
እሁድ ማታ

እህቴ አላህ ያግዝሽ፣ ትልቅ ስራ ነው የያዝሽው። እኔ አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰው ሳይደክመው ዴሊሪየምን፣ ማለትም ከሰውነት በሽታ ወይም ከመድሃኒት የተነሳ ድንገት የሚመጣውን መደናገር፣ አስተምሪ። ድባቴውም መርሳቱም ለከሰአት ይደርሳል፣ ይሄኛው ግን ዛሬ ካልታወቀ ነገ ሰውየው ላይኖር ይችላል።

የገጠመኝን ልንገርሽ። የ78 አመት አባት ነበሩ፣ ልጆቻቸው በቃሬዛ አመጧቸው፣ «በ3 ቀን ውስጥ አበደብን፣ ጂኒ ነክቶት ነው» ይላሉ። ሌሊት ይጮሃሉ፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ይለቅማሉ፣ ቀን ደሞ ያንቀላፋሉ። እጃቸው ላይ የገመድ ሰንበር አለ። መጀመሪያ ያያቸው ቦታ ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ህመም መርፌ ወግቶ ወደኛ ልኳቸዋል። ሆዳቸውን ስነካው ፊኛቸው እስከ እምብርታቸው ድረስ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ሲገባ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። ኢንፌክሽኑ ታከመ፣ ፈሳሽ አገኙ፣ በ4ኛው ቀን ልጃቸውን በስሙ ጠርተው «ከብቶቹን ማን አሰማራ?» አሉት። ወደ ኋላ ስንጠይቅ ለካ ከሁለት ሳምንት በፊት ለእግር ህመምና ለእንቅልፍ ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ታዞላቸው ነበር። ፕሮስቴታቸው ቀድሞም አብጧል፣ መድሃኒቱ ደሞ ሽንት ይይዛል፣ የተያዘው ሽንት ተመረዘ፣ እሱ ወደ ጭንቅላት ሄደ። አየሽ ሰንሰለቱን?

እና ሰልጣኞችሽ በፍጥነቱ እንዲለዩ አድርጊያቸው። በሰአታትና በቀናት የመጣ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ትኩረት የሚያሳጣ ከሆነ ዴሊሪየም አይደለም እስኪባል ድረስ ሌላ ስም አይሰጠው፣ ሽንት፣ ሳንባ፣ ወባ፣ ስኳር፣ የውሃ ጥም፣ ደሞ አዲስ የተጀመረ መድሃኒት ይፈለግ። በሳምንታትና በወራት ከሆነ ድባቴን አስቡ፣ በአመታት ቀስ እያለ ከሆነ የመርሳት በሽታ። ሶስቱ አንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ፣ በተለይ መርሳት ያለበት ሰው ትንሽ ትኩሳት ሲነካው ድብልቅልቁ ይወጣል። ትኩረቱን ለማየት ቀላል ነው፣ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ቁጠሩልኝ በይ፣ እሁድ ቅዳሜ አርብ እያሉ መሄድ ካልቻሉና መሃል ላይ ከጠፉ ተጠንቀቂ።

መድሃኒት ላይ ፋርማሲዎቹን በደንብ ያዢያቸው። አሚትሪፕቲሊን በየጤና ጣቢያው ስላለ እንደ ማስታገሻ ነው የሚበተነው፣ ኤምኤች ጋፕ ራሱ ለአረጋውያን ከተቻለ ይወገድ ይላል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያስራል፣ ሲነሱ ያዞራል፣ ይጥላል፣ ያደናግራል። ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን ይሻላል፣ እሱም በ10 ሚሊግራም ተጀምሮ በዝግታ። ለቤተሰቡ ደሞ ለውጥ ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈጅ ካልተነገረው በሳምንቱ ያቋርጡታል። ዳያዚፓም ለእንቅልፍ ተብሎ መስጠት ዳሌ መስበር ነው። ሃሎፔሪዶልና የሱ አይነቶቹ መርሳት ያለባቸው ሰዎች ላይ ስትሮክና ሞት እንደሚጨምሩ በደንብ የታወቀ ነገር ነው፣ አባት አስቸገሩ ተብሎ ዝም ማሰኛ አይደሉም።


ኤክስቴንሽን ከአምባሰል
ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ የጻፍከው እውነት ነው ግን ቅር አይበልህና እኛ ጋ ሲደርስ ይሄ ሁሉ የመድሃኒት ስም ምን ያደርግልናል። እኛ ኬላ ላይ መርፌም ክኒንም አናዝም፣ ያለን እግራችንና ምላሳችን ነው። እኔ በዚህ ስራ 11 አመቴ ነው፣ ስለ እናቶችና ህጻናት፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ወባ፣ ስለ ቲቢ ስንት ጊዜ ሰልጥኛለሁ። ስለ አረጋዊ አንድ ቀን። አንድ ቀን እንኳን የለም ማለቴ ነው።

ሲስተር የኔ ምክር ይሄ ነው፣ እንዴት እንደሚጠየቅ አሰልጥኚን። የወሎ ሽማግሌ እንዴት ዋሉ ሲባል መልሱ ምንድነው? ሙስሊም ከሆኑ አልሃምዱሊላህ፣ ክርስቲያን ከሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱ ተቃጥሎበትም እንደዛ ነው የሚለው። ቅጹ ላይ «ደህና ናቸው» ብለሽ ሞልተሽ ትወጫለሽ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚያስፈልገን። እኔ ራሴ ያገኘሁት አለ፣ «ሌሊት ሲነቁ ምን ያስባሉ?» እላለሁ። እሱን ስጠይቅ ነው በር የሚከፈተው። «ምግብ ሲቀርብ አፍዎ ይፈቅደዋል?»፣ «ወዳጃ ላይ መቀመጥ ተዉ ወይ?»፣ «ቅሬ ወጥተው ያውቃሉ በዚህ ወር?» እነዚህን። ወዳጃ የኛ የጋራ ዱዓ ነው፣ ቅሬ ደሞ እድራችን። ለቅሶ የማይቀር ሰው ለቅሶ መቅረት ሲጀምር ነገር አለ ማለት ነው፣ የቅሬው ዳኛ ከኛ ቀድሞ ያውቃል እኮ፣ እሱን ለምን ስልጠናው ላይ አትጋብዢውም ለግማሽ ቀን?

ሌላው ማን ክፍሉ ውስጥ እንዳለ። ምራቷ ቁጭ ብላ እያለ አማት ምን ትላለች? ልጁ እያለ አባት ምን ይላል? ዝም ነው። በአለም ላይ ከ60 አመት በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች አንዱ በአመት ውስጥ የሆነ አይነት በደል ይደርስበታል ተብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ፣ ስድብ ይሁን ገንዘብ መቀማት ይሁን ችላ መባል ይሁን። ብቻቸውን ለማግኘት ዘዴ ያስፈልጋል፣ እኔ ጓሮ አትክልትዎን ያሳዩኝ ብዬ ይዣቸው እወጣለሁ። ጎመኑን እያሳዩኝ ያወራሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አላወጣም፣ ቡና ጀባ ካሉኝ እስከ በረካው እቀመጣለሁ፣ አቦል ላይ ስለ ዝናቡ ነው፣ ቶና ላይ ስለ ልጆቹ ነው፣ በረካው ላይ ነው ስለራሳቸው የሚነግሩኝ። ጊዜ ይፈጃል አውቃለሁ፣ ሪፖርት ላይ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚቆጠርልሽ፣ ይሄንንም ለአለቆቹ ብትነግሪያቸው።

ደሞ ጆሮ! ብዙዎቹ አይሰሙም። ባለሙያው ይጮሃል፣ እሳቸው የተቆጣቸው ይመስላቸዋል። በሚሰማው ጆሮ በኩል ተጠግቶ ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ መናገርን አለማምጂ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን እኔ ስንቱን «ጃጅቷል» የተባለ ሰው አውርቼዋለሁ መሰለሽ፣ አልሰማ ብሎ እንጂ አልጃጀም።


የተሁለደሬዋ ሲስተር
ሰኞ ጠዋት

እህቴ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሌሊት ሲነቁ ምን ያስባሉ» የሚለውን እንዳለ ነው የምወስደው። ሳይካትሪ ወንድሜ አንተም ልክ ነህ፣ ሁለታችሁም ስለተለያየ ሰልጣኝ ነው የምታወሩት፣ ምናልባት ሁለተኛውን ቀን ለሁለት ከፍዬ የመድሃኒቱን ለሚያዝዙት ብቻ ላደርገው እችላለሁ። ዴሊሪየምን ግን ኤክስቴንሽኖቹም ማወቅ አለባቸው ባይ ነኝ፣ በቃሬዛ ከመምጣታቸው በፊት ቤት ውስጥ የሚያዩዋቸው እነሱ ስለሆኑ። «በ3 ቀን ተለወጠ» ሲባሉ ቶሎ ላኩ፣ ጸበሉም ዱዓውም ሩቅያውም ህክምናው ጎን ለጎን ይሁን፣ በገመድ አትሰሯቸው፣ ይሄ ይበቃቸዋል መሰለኝ።


የአባቴ ልጅ ከኮምቦልቻ
ሰኞ ማታ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ አባቴን የማስታምም ልጅ ነኝ፣ ይፈቀድልኝ።

አባቴ ፋብሪካ ነበር የሚሰራው፣ በ60 አመቱ ጡረታ ወጣ። የዛሬ 4 አመት ገደማ የጡረታ ብሩን የት እንዳስቀመጠው መርሳት ጀመረ። ከዛ እኔን «ሌባ» አለኝ። እኔን! ሰርጌን ትቼ እሱን ይዤ የቀረሁትን። ጎረቤት ፊት ነው ያለኝ። አንድ ቀን ሶስት ቦታ ፈልጌ ብሩን ከሽሮ እንስራ ውስጥ አገኘሁት፣ በሶፍት ተጠቅልሎ። ወደ ህክምና ወሰድኩት፣ የየቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ባለሙያው 5 ደቂቃ አይቶት «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል፣ ቻይው» አለኝ። መኪና ውስጥ እስከ ቤት አለቀስኩ። በሽታ ነው ቢለኝ ኖሮ፣ ስም ቢሰጠው ኖሮ፣ ሌባ ያለኝ አባቴ ሳይሆን በሽታው መሆኑን አንድ አመት ቀድሜ አውቅ ነበር። ያን አንድ አመት ከሱ ጋር ተጣልቼ ነው ያሳለፍኩት፣ አይመለስም።

ስለዚህ ሰልጣኞቹ «እርጅና ነው» የሚለውን ቃል እንዲተዉት ንገሪያቸው እባክሽ። ሁለተኛ አስታማሚውንም ይጠይቁት። ሌሊት ትተኛለህ ወይ፣ የሚያግዝህ አለ ወይ፣ መትተኸው ታውቃለህ ወይ ብለው ሳይፈርዱ ይጠይቁት። እኔ አንድ ሌሊት እጄን አንስቼ ነበር። ሳይወርድ፣ ሳይነካው ቆመ ግን እጄ ተነስቶ ነበር፣ እስከዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በኋላ አንዲት ነርስ ያስተማረችኝ ነው ያዳነኝ። ማታ ማታ 12 ሰአት ሲሆን ዱላውን አንስቶ «ቤቴ ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላል፣ እናቱ ከሞተች 40 አመቷ። እኔ ድሮ «ሞታለች እኮ» እለው ነበር፣ እሱ ደሞ በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ ይሰማል፣ ያለቅሳል። ነርሷ አትከራከሪው አለችኝ። አሁን «እሺ አባዬ፣ እናትህ ምን ትሰራልህ ነበር?» እለዋለሁ፣ ስለ ቆሎዋ ያወራል፣ እያወራ ግቢውን አንዴ ዞረን እንመለሳለን፣ እራቱን ይበላል። በሩ ላይ ደወል አንጠለጠልኩ ሲወጣ እንድሰማ። ልብሱን በሚለብስበት ቅደም ተከተል አልጋው ላይ እደረድርለታለሁ፣ ራሱ ይለብሳል፣ ደስ ይለዋል። ይሄ ሁሉ ብር አላስወጣኝም፣ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።


አስታማሚ ነበርኩ
ሰኞ ማታ

የኮምቦልቻዋ እህቴ አብሽሪ። እጅሽ አልወረደም። እኔም እናቴን 6 አመት አስታምሜ ቀብሬአለሁ፣ እጄ ወርዶም ያውቃል። ባለሙያ ያንን የሚሰማበት ጆሮ ቢኖረው ስንታችን እንድን ነበር።


መምህር ነኝ
ማክሰኞ ከሰአት

ደህና ውይይት ነው፣ ትንሽ ስለ መጠይቆቹ ልጨምር፣ ምክንያቱም ስልጠና ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቅጽ ነው።

ለድባቴ በአረጋውያን የታወቀው ባለ 15 ጥያቄ የአረጋውያን ድባቴ መለኪያ ነው፣ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው የሚመለሰው፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብና ስለ ሰውነት ህመም ሆን ብሎ አይጠይቅም፣ ምክንያቱም እነሱ በእርጅናና በሌላ በሽታም ስለሚመጡ ያሳስታሉ ተብሎ ነው። ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሲስተር ያንቺ እናት መሀል አናቴን ያቃጥለኛል ነው ያሉት፣ በእኛ አገር ሀዘን የሚናገረው በሰውነት ነው፣ መለኪያው የጣለው ነገር እኛ ጋ ዋናው ምልክት ሊሆን ይችላል። ደሞ የመጀመሪያው ጥያቄ በህይወትዎ በአጠቃላይ ረክተዋል ወይ አይነት ነው። የትኛዋ የወሎ እናት ናት አልረካሁም የምትል፣ በፈጣሪ ላይ ማማረር ይሆንባታል። ቅጹን ተጠቀሙ፣ ነጥቡን ግን እንደ ደም ምርመራ ውጤት እንዳያዩት አስተምሪ፣ ከቅጹ በፊትም በኋላም ወሬ አለ።

የመርሳት መመርመሪያዎቹ ደሞ ይብሳሉ። በብዛት የሚታወቀው ባለ 30 ነጥቡ ሚኒ ሜንታል አንብብ ይላል፣ ጻፍ ይላል፣ ምስል ገልብጠህ ሳል ይላል፣ እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናት ገና ሳይጀምሩ ይወድቃሉ፣ እና በሽተኛ ተብለው ይጻፋሉ። ላልተማሩ ሰዎች ታስበው የተሰሩ አሉ፣ አንዳንዶቹ ግማሹን ጥያቄ ለቤተሰብ ነው የሚያቀርቡት፣ ሰውየው ድሮ ይሰራ የነበረውን ምን አቃተው ብለው። እኔ ተማሪዎቼን የማስለምዳቸው እንዲህ ነው፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ከማለት የባቲ ገበያ ማን ቀን ነው የሚቆመው በሉ፣ ሰኞ ይሏችኋል፣ ዛሬ ከገበያው ስንት ቀን ሆነው በሉ። አረፋ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው፣ ግሸን መቼ ነው የሚነገሰው፣ ቀጥሎ የሚመጣው በአል ምንድነው። ቡና ለማፍላት ከምን ተጀምሮ ምን ይከተላል ብላችሁ ጠይቁ፣ እድሜ ልካቸውን ያፈሉ እናት መውቀጡን ከመቁላቱ ካስቀደሙ ያ ብዙ ይናገራል። ይሄ ምርመራ አይደለም፣ ነጥብም የለውም፣ ግን ባለሙያው ወዴት ማየት እንዳለበት ያሳየዋል።

የአይንና የጆሮ ነገር ላይ የአምባሰሏ እህቴ ከተናገረችው በላይ ትክክል ናት። ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮች ቆጥሯል፣ የመስማት ችግር አንዱ ነው፣ ያልታከመ የአይን ችግር ደሞ በዛ አመት የተጨመረ ነው። በኛ አካባቢ ሞራ ግርዶሹም ትራኮማውም ያለ ነው፣ ለአይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ መላክ የአእምሮ ጤና ስራ መሆኑን ሰልጣኙ ይወቅ።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ደሞ ልንገራችሁ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሳይካትሪ ሀኪም በ2006 እ.ኤ.አ ሀራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 ሴት አያቶችን ይዞ ነበር የጀመረው። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጨነቀውን ሰው ያናግራሉ፣ ችግሩን አንድ በአንድ ያስዘረዝሩታል፣ አንዱን መርጦ መላ እንዲፈልግ ያግዙታል። በሽታውንም በራሳቸው ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ ነው የሚሉት፣ ማሰብ ማብዛት እንደማለት፣ ልክ እኛ «ሀሳብ በላው» እንደምንለው። በ2016 የታተመው ጥናት ስራው የድባቴን ምልክት በደንብ እንደቀነሰ አሳይቷል። እዛ አረጋውያኑ ሰጪዎች ናቸው። የእኛ አባጋሮች የደም እርቅ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው፣ ማዳመጥ ማን ያስተምራቸዋል፣ ከነሱ እኛ ነን የምንማረው። የቅሬውን ዳኛ ጋብዢው የተባለው በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው።


ከወልድያ
ማክሰኞ ማታ

አንብቤ አንብቤ አንድ ነገር ሳይነሳ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ምን አይተው ነው እዚህ የደረሱት የሚለው። ዛሬ 70 አመት የሆነው የወሎ ሰው የ66ቱን ረሃብ በወጣትነቱ አይቷል፣ የ77ቱን ደሞ ልጅ ወልዶ አይቷል፣ ሰፈራ ተብሎ ቤተሰቡ ለሁለት የተከፈለ አለ፣ ቀይ ሽብር አለ፣ ከዛ ሁሉ ተርፎ በ2013 እና 14 ጦርነቱ ቤቱ ድረስ መጣ። ያኔ እኛ ወጣቶቹ ሸሸን፣ እነሱ መሮጥ ስለማይችሉ ቤት ጠብቁ ተብለው ቀሩ። ብቻቸውን። ይሄን የማያውቅ ባለሙያ ምን ያክማል?

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። አክስቴ ቂጣ በነጠላ ቋጥራ ትራሷ ስር ትደብቃለች፣ ሻግቶ እስኪሸት። አንድ የስራ ባልደረባዬ አይቶ የስነልቦና መቃወስ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። በ77 ሁለት ልጆቿን ነው የቀበረችው፣ ኮረም መንገድ ላይ። ከዛ ወዲህ ጋብ ብሎላት ነበር፣ ጦርነቱ ሲመጣ ነው ድጋሚ መደበቅ የጀመረችው። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ክዳን ያለው ትንሽ ሞሰብ ገዝቼ አልጋዋ ራስጌ አስቀመጥኩላት፣ ልጄ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቂጣ ትቀይርላታለች። ትራሷ ስር ማድረጉን ተወች። ስለዛ ጊዜ ግን አላስወራኋትም፣ ራሷ ስትጀምር ነው የምሰማት። ሰልጣኞቹ ይሄንንም ይወቁት፣ ያለፈውን ተናገሪ ብሎ ማስገደድ መልካም አይደለም፣ ዝም ብሎ አጠገብ መቀመጥም ስራ ነው።

ሞት ላይ ደሞ በደንብ አሰልጥኚያቸው። «በቃኝ፣ ይውሰደኝ» የሁሉም ሽማግሌ ንግግር ነው ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛው ጸሎት ነው፣ ልክ ነው። ግን መድሃኒቱን ያቆመ፣ እህል እምቢ ያለ፣ ከብቱን ያከፋፈለ፣ እዳውን የዘጋጋ ሰው ሲናገረው ሌላ ነው። ቀጥታ መጠየቅ አለበት፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ ተብሎ። መጠየቁ ሀሳቡን አይጨምርበትም፣ እንደውም ያቀልለታል። ቤት ያለ የተባይ መድሃኒት ካለ ቤተሰቡ እንዲያርቀው፣ ብቻቸውን እንዳይተዋቸው ንገሯቸው፣ ቶሎም ይላኩ።


ሳይካትሪ ነኝ ደሴ
ማክሰኞ ማታ

የወልድያው ወንድሜ የመጨረሻው አንቀጽህን ፕሪንት አድርጌ ተመላላሽ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ሲስተር፣ ይሄን ጥያቄ በቃል ማስተማር አይበቃም፣ ሰው አፉ ላይ ይከብደዋል፣ እያንዳንዱ ሰልጣኝ በድምጹ ጮክ ብሎ ቢያንስ 3 ጊዜ ይለማመደው። ሌላው፣ ስልጠናው ካለቀ በኋላ ማነው የሚከታተላቸው? እኔ በወር አንዴ በስልክ ከሰልጣኞችሽ ጋር አስቸጋሪ የሆኑ ታካሚዎችን ለመወያየት ፈቃደኛ ነኝ፣ የታካሚ ስም ሳይጠራ። ክትትል ከሌለው በ2 ወር ውስጥ ወደ ጨጓራና ታይፎይድ ይመለሳሉ፣ በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ።


የተሁለደሬዋ ሲስተር
ረቡዕ ማታ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የስልክ ክትትሉን በሁለት እጄ ነው የምቀበለው፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።

እስካሁን ያሰብኩት እንዲህ ነው። አንደኛው ቀን ጠዋት ዴሊሪየም፣ ሶስቱን በፍጥነታቸው መለየት፣ የኮምቦልቻዋ እህቴም ታሪኳን ስሟ ሳይጠቀስ እንዳነበው ፈቅዳልኛለች፣ የመርሳት በሽታውን በሱ ነው የምከፍተው። ሁለተኛው ቀን የሚያዝዙት ከፋርማሲው ጋር መድሃኒት ላይ፣ ኤክስቴንሽኖቹ ከቅሬ ዳኛውና ከሁለት እናቶች ጋር አጠያየቅ ላይ፣ ከሰአት ሁሉም ተቀላቅለው ስለ ሞት መጠየቅን ይለማመዳሉ። ሶስተኛውን ቀን ፓወርፖይንት የለም፣ አዳራሽም የለም፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ አንድ ቤት ብቻ፣ እስከ በረካው። ሲመለሱ ምን ሰማችሁ እላቸዋለሁ እንጂ ምን ሞላችሁ አልልም። አለቃዬ አንድ ቀን ሙሉ ለአንድ ቤት ትንሽ በዛ አለኝ፣ ካርዱን አውጥቼ አምስቱን ቀን አሳየሁት፣ ዝም ብሎ ፈረመልኝ።

የቀረኝ ሁለተኛው ቀን ላይ ለልምምዱ የሚቀመጡልን እናቶች ናቸው። ባለሙያ ሽማግሌ መስሎ ሲጫወት ሰልጣኙ ይስቃል፣ እውነተኛ ሰው ነው የምፈልገው፣ ታማሚ ሳይሆን ስለ ህይወታቸው መጠየቅ የማይከብዳቸው፣ ትራንስፖርትና ምሳ አለ። አንዷ ተገኝታለች። ሐይቅ አካባቢ ፈቃደኛ የምታውቁ ካላችሁ?


ኤክስቴንሽን ከአምባሰል
ረቡዕ ማታ

እናቴን አመጣልሻለሁ። 71 አመቷ ነው፣ ጨዋታ ትወዳለች፣ ደስ ካላላት ግን አልሃምዱሊላህ ብላ ነው የምትዘጋቸው፣ ይለማመዱባት። የምትሰማው በቀኝ ጆሮዋ ነው። ቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው፣ ራሳቸው ይወቁት።